መሮጡንስ ይሮጣል… መቆሙስ?

የጋራዡ በር ወደ ላይ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ቤንዚን፣ ግሪስ፣ የተበየደ ላሜራ… እና ቡና! መቼም ከአዲስ አበባ ተነስቼ፣ ሁለት አውሮፕላን ቀያይሬ፣ ዲትሮይት ጫፍ ስደርስ የተክለ ሃይማኖት ሰፈር ጋራዥ ሽታ ይቀበለኛል ብዬ በህልሜም አላሰብኩም።

«ግቢ እንጂ! ጫማሽን ግን ጠብቂ፣ ወለሉ ዘይት ነው» አሉኝ አጎቴ፣ እጃቸውን በአሮጌ ካናቴራ እየጠረጉ።

ከኋላቸው ኮፈኗ የተነሳ፣ ቀለሟ ግማሽ ሰማያዊ ግማሽ ግራጫ የሆነች ፎርድ ማስታንግ ቆማለች። የ1966 ሥሪት ናት። እንግዲህ አጎቴ ለ6 ዓመት ከሥራ መልስ ያደሩላት፣ ባለቤታቸው ደግሞ «ጣውንቴ» የሚሏት ይህችው ናት።

ውድ አንባቢያን፣ እኔ ስለ መኪናና ስለ አገሩ ብቻ ልጽፍላችሁ ነበር ያሰብኩት። ነገሩ ግን ሲጀመር የመኪና የነበረው ሲያልቅ የትዳር ሆኖ አረፈው። ስለዚህ ሁለቱንም አንድ ላይ ተቀበሉኝ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጎዳናው

ዲትሮይት ውስጥ ዉድዋርድ የሚባል ጎዳና አለ። ከወንዙ ዳር ይነሳል፤ ከወንዙ ማዶ የምታዩት አገር ካናዳ ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን ምዕራብ እያቀና ፖንቲያክ እስከምትባል ከተማ ድረስ 43 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ቢሾፍቱ ልትገቡ ጥቂት ሲቀራችሁ ማለት ነው።

ይህ መንገድ ተራ መንገድ እንዳይመስላችሁ። በ1909 አንድ ማይል ያህሉ ኮንክሪት ፈሰሰበትና በአሜሪካ የኮንክሪት አውራ ጎዳና ታሪክ እንደ መጀመሪያ ይቆጠራል። እዚያው ጎዳና ላይ ሃይላንድ ፓርክ በሚባለው ቦታ የሄንሪ ፎርድ አሮጌ ፋብሪካ አለ። በ1913 ሠራተኛው መኪናውን እየዞረ መገጣጠሙ ቀርቶ፣ ሠራተኛው ቆሞ መኪናው በሰንሰለት እየተጎተተ እንዲመጣለት የተደረገው እዚህ ነው። ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረው ሥራ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወረደ። አጎቴ በዚያ ሲያሳልፉኝ ፍጥነት ቀነስ አደረጉና «የኛ ነገር ሁሉ የተጀመረው እዚህ ነው» አሉኝ። «የኛ» ያሉት ሐበሻውን ይሁን መካኒኩን አልጠየቅኳቸውም።

ከተማው እንደ ድሮው አይደለም። በ1950 ከ1 ሚሊዮን 800 ሺህ በላይ ሰው ይኖርበት ነበር፤ በ2020ው ቆጠራ 640 ሺህ እንኳ አልሞላም። ኤይት ማይል የሚባለውን መንገድ ስታልፉ ዲትሮይት ያበቃና ትናንሽ ከተሞች ይቀጥላሉ፤ ናይን ማይል፣ ቴን ማይል እያሉ መንገዶቹን በቁጥር ይጠሯቸዋል። አጎቴ የሚኖሩት ናይን ማይል አካባቢ፣ ከዉድዋርድ ገባ ብሎ ነው። ቤቶቹ ትናንሽ ናቸው፤ ግን እያንዳንዱ ቤት ጓሮው ላይ ለብቻዋ የቆመች ጋራዥ አለችው። በበጋ ምሽት በሰፈሩ ውስጥ በእግራችሁ ብትዘዋወሩ ከአንዱ ጓሮ የብረት ድምፅ፣ ከሌላው ሬዲዮ፣ ከሦስተኛው «ቀስ! ቀስ!» የሚል ጩኸት ትሰማላችሁ። ይሄኔ መኪና እየተፈታ ነው።

አንድ የገረመኝ ነገር ላክልላችሁ። ዲትሮይት ከመሬት በታች ከ300 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ የጨው ማዕድን አላት። በሚቺጋን ክረምት በረዶ እንዲያቀልጥ መንገድ ላይ የሚበትኑት ጨው ደግሞ የመኪናውን ሆድ ይበላዋል። እኛ አሞሌ ስንገበያይበት የኖርነው ጨው እዚያ የላሜራ ጠላት ነው። ከላይ መኪና የሚሠራ፣ ከታች መኪና የሚበላ ያለበት ከተማ!

ጡንቸኞቹ

«ማስል ካር» ማለት ጡንቸኛ መኪና ማለት ነው። ታሪኩ አጭር ነው። በ1964 ፖንቲያክ የተባለው ኩባንያ መካከለኛ መጠን ያለውን ቴምፕስት የተባለ መኪናውን ወሰደና ለትልቅ መኪና የሚሆን 6 ነጥብ 4 ሊትር ሞተር ጎረሰበት። ጂቲኦ አለው። 325 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ሦስት ካርቡራተር የተገጠመለት ደግሞ 348። ዋጋው ወጣት ሠራተኛ ሊደርስበት የሚችል ነበር። ከዚያማ ማን ይቅርብኝ ይበል! ዶጅ፣ ፕሊማውዝ፣ ሼቭሮሌ ሁሉም ተከተሉ። ማታ ማታ ወጣቱ ዉድዋርድ ላይ ከመብራት መብራት ይሽቀዳደም ነበር፤ የፋብሪካዎቹ መሐንዲሶችም አዲሱን ሞተር ይዘው ብቅ ይሉ ነበር ይባላል።

ማስታንግ ኤፕሪል 17 ቀን 1964 ለሕዝብ ስትቀርብ መነሻ ዋጋዋ 2,368 ዶላር ነበር። አዋቂዎቹ «ማስታንግ ጡንቸኛ አይደለችም፣ ትንሽ ፈረስ ናት» ብለው ይከራከራሉ። እውነት ነው፣ በባለ 6 ሲሊንደር ሞተር የወጡም ብዙ ናቸው፤ ለጸሐፊና ለአስተማሪ የሚሆን፣ ቤንዚን የማይጨርስ። የዛሬው ታሪክ መዘዝም እዚህ ላይ ነው፣ ያዙልኝ።

የጡንቸኞቹ ዘመን እንደመጣ ሄደ። ኢንሹራንሱ ለወጣት ነጂ ሰማይ ነካ። በ1970 የአየር ብክለት ሕጉ ጠበቀ። በ1973 መጨረሻ የዓረብ አገሮች ነዳጅ ሲከለክሉ ማደያው ላይ ሰልፍ ሆነ፤ ያን ሁሉ ቤንዚን የሚጠጣ ሞተር ማን ይግዛ? ብዙዎቹ ጓሮ ተጥለው ዝገት በላቸው። ዛሬ በየጋራዡ ነፍስ የሚዘራባቸው እነሱ ናቸው።

ፌስታል ላይ ያለ ፊደል

አጎቴ በልጅነታቸው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ ጋራዥ ረዳት ነበሩ። ዕቃ ሲጎድል ሶማሌ ተራ የሚላኩት እሳቸው። በደርግ ጊዜ በሱዳን ወጡና ዞረው ዞረው እዚህ ደረሱ። ዛሬ ከ60 ዓመት በላይ ናቸው፤ የመኪና መቀመጫ የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራሉ። ማስታንጓን በ4,500 ዶላር ሲገዟት ወለሏ ተበልቶ አስፋልቱ ይታይ ነበር አሉኝ።

አሮጌ መኪና ለመግዛት ለምታስቡ ምክራቸውን ላካፍላችሁ። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ ገላዋ ላይ አስጠጉ፤ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ ነው። ምንጣፉን ግለጡ። በተለይ የዚያ ዘመን ማስታንግ ከፊት መስታወቱ ሥር ባለው የአየር ማስገቢያ ውኃ ይገባና ውስጥ ውስጡን ይዝጋል፤ ዝናብ ሲመጣ በነጂው እግር ላይ ይወርዳል። «በየዝናቡ ሕፅበተ እግር ነበረኝ» ብለው ሳቁ አጎቴ።

ጋራዡ ግድግዳ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ትናንሽ ፌስታሎች ተንጠልጥለዋል። በየፌስታሉ ብሎን፣ ማጠፊያ፣ ሽቦ። ላያቸው ላይ ደግሞ በአማርኛ ተጽፏል። «ፓራፋንጎ ቀኝ፣ 6 ብሎን»፣ «ስፖርቴሎ ግራ ከላይ»፣ «ማርሚታ ማሰሪያ»። መኪና ስትፈቱ ያልጻፋችሁበት ብሎን ከሁለት ዓመት በኋላ ባለቤት የለውም፤ ስለዚህ መጻፉ የግድ ነው። በአማርኛ የጻፉት ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ስማቸውን የማውቀው በዚህ ነዋ!» አሉኝ። እርግጥ ግማሹ የጣሊያን ቃል ነው፤ ግን እኛ ካወረስነው የኛ አይደል?

የ17 ዓመት ልጅ አላቸው። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የሚሰጠውን የአማርኛ ትምህርት በ9 ዓመቱ «አልሄድም» ብሎ ትቶታል። አባትየው ቆጡ፣ እናትየው አለቀሱ፣ አልሆነም። ታዲያ አንድ ማታ ልጁ ፌስታል አንስቶ ጣቱን እያስኬደ «ፓ-ራ-ፋን-ጎ… ቀኝ» ሲል ሰማሁት። እኔ ደንግጬ አጎቴን አየኋቸው፤ እሳቸው አላዩኝም። መኪናዋ ሥር ተኝተው «ስድስቱም አሉ?» ብለው ጠየቁ ብቻ። ልጁ ቆጠረና «አምስት» አለ። ስድስተኛውን ፍለጋ ሦስታችንም ተንበረከክን።

የእትዬ ሮሮ

የአጎቴ ባለቤት፣ እኔ እትዬ የምላቸው፣ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናቸው። ማታ 1 ሰዓት ገብተው ጠዋት ነው የሚመለሱት። በአደጋ የተጎዳ ሰው ሲገባ ከሚቀበሉት አንዷ እሳቸው ናቸው። አንድ ጠዋት ወጥ ቤት ብቻችንን ስንሆን ሆዳቸውን ከፈቱልኝ።

«መኪናዋን የምጠላት ይመስለዋል» አሉኝ። «አልጠላትም። ጠጪ ባል አለኝ? የለኝም። ሲወጣ የት ገባ ብዬ አልፈልገውም፣ ጓሮ ነው። እኔን የሚያበግነኝ ሌላ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ገንዘቡ ሞተር ላይ ነው። ፍሬኑን መቼ ነው የምትሠራው ስለው ‹ይደርሳል› ይለኛል። እኔ ‹ይደርሳል› ያለ ሰው ተሸክሞ ሲመጣ ነው የማየው!»

ነገሩን እንደ ገባኝ ላስረዳችሁ። መኪናዋ ከፋብሪካ የወጣችው በባለ 6 ሲሊንደር ነው፤ የሻንሲ ቁጥሯ ውስጥ ያለችው «ቲ» የምትባል ፊደል ትመሰክራለች። አጎቴ ያንን አውጥተው 4 ነጥብ 7 ሊትር የሆነ ባለ 8 ሲሊንደር ገጠሙላት። ጉልበቷ በብዙ ጨመረ። ነገር ግን የዚያ ዘመን ባለ 6 ሲሊንደር ማስታንግ ጎማው የሚታሰረው በ4 ብሎን ነው፤ የፍሬን ታምቡሩም አነስተኛ ነው። ባለ 8ቱ ግን ከፋብሪካ ሲወጣ 5 ብሎንና ሰፋ ያለ ታምቡር ነበረው። ዲፍረንሻሉም ይለያል። አያችሁ? ልብ ተቀይሮላት እግሯ የድሮው ነው።

ሌላም አለ። እስከ 1966 ሞዴል ድረስ የማስታንግ ዋና የፍሬን ፖምፓ አንድ ክፍል ብቻ ነበረው። አንዱ ጎማ ላይ ዘይት ካፈሰሰ አራቱም ፍሬን ይሄዳል። በ1967 ሞዴል ነው ለፊትና ለኋላ የተለያየ ባለ ሁለት ክፍል የሆነው። ሚቺጋን ውስጥ ደግሞ እንደኛ አገር ለቦሎ ተብሎ በየዓመቱ መኪና አይመረመርም። ፍሬንህን አሳይ የሚል የለም። ከሚስት በስተቀር።

ፔዳሉ ወለል ሲነካ

በአገሩ በየዓመቱ በኦገስት ሦስተኛ ቅዳሜ ዉድዋርድ ድሪም ክሩዝ የሚባል ትልቅ የአሮጌ መኪኖች ቀን አለ። የተጀመረው በ1995 ነው፤ ፈርንዴል ለምትባለው ከተማ የልጆች እግር ኳስ ሜዳ ገንዘብ ለማሰባሰብ። አጎቴ ለ6 ዓመት የለፉት ለዚህች ቀን ነው። ሊደርስ 9 ቀን ሲቀረው፣ ማታ፣ «ነይ ላንሸራሽርሽ» አሉኝ። እትዬ ሥራ ገብተዋል።

ሞተሩ ሲነሳ ደረቴ ውስጥ ነው የተሰማኝ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ! መስኮቱን አውርጄ ሳቅኩ። አጎቴም ፊታቸው የ20 ዓመት ልጅ ፊት ሆነ። ሁለት መንገድ ዞርን። ሦስተኛው ላይ አንድ ልጅ ብስክሌት እየገፋ ሊሻገር ቆሟል። አጎቴ ፍሬን ረገጡ።

ፔዳሉ እስከ ወለሉ ወረደ። ምንም የለም።

ደጋግመው ረገጡ። ምንም። ማርሹን ወደ ታች አወረዱ፤ ሞተሩ አጓራ። ከዳሽቦርዱ ሥር ያለውን የእጅ ፍሬን ሳቡ። እሱ በሽቦ ስለሚሠራ የኋላ ጎማዎቹን ያዘ፤ መኪናዋ ተንገጫግጫ ከመንገዱ ወጣችና የአንድ ሰው ቤት ሣር ላይ ቆመች። ልጁ ብስክሌቱን ይዞ አፉን ከፍቶ ያየናል። ከኛ እስከ እሱ ያለው ርቀት ከአንድ አልጋ አይበልጥም።

አጎቴ ለረጅም ጊዜ መሪውን እንደያዙ ቀሩ። ከዚያ «ለእትዬሽ እንዳትነግሪ» አሉኝ።

ያረጀ የፍሬን ጎማ ቱቦ ነው የፈነዳው። አንድ ቱቦ! ማታውኑ በፋኖስ እየተመራን በተጎታች መለስናት፤ አጎቴ ቱቦውን ቀይረው ዘይት ሲሞሉ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ፓራፋንጎው ላይ ፈሰሰ። እኔም አፌን ዘጋሁ። ሁለት ቀን ከእትዬ ጋር እህል ስበላ ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም። አንባቢያን ሆይ፣ እንዲህ ዓይነት አደራ ተቀብላችሁ ታውቃላችሁ? ከተናገርኩ አጎቴን ከዳሁ፤ ዝም ካልኩ ደግሞ ነገ ልጁ ቁልፉን አንስቶ ቢወጣስ?

ያዳነኝ ራሱ የፍሬን ዘይቱ ነው። የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል። በሦስተኛው ጠዋት አዲሱ ሰማያዊ ቀለም እንደተቃጠለ ቆዳ ተነስቶ ነበር። እትዬ ከሥራ ሲመለሱ ጋራዡ በር ላይ ቆመው አዩት። ነርስ ናቸው፣ ቁስል ያውቃሉ።

«ምን ፈሰሰ?» አሉ።

አጎቴ ዝም አሉ። ልጁ መሬት መሬት ያያል። እኔ አፌን ልከፍት ስል አጎቴ ቀደሙኝ። «ፍሬኑ እምቢ አለኝ። ሰው ልገድል ነበር።» ሁሉንም ነገሩ፤ ብስክሌቱን ሳይቀር።

ጩኸት ጠብቄ ነበር። እትዬ አልጮኹም። የታጠፈች የፕላስቲክ ወንበር ከግድግዳው አውርደው ተቀመጡ፤ ከሥራ ልብሳቸው ጋር። «አሁን ንገረኝ» አሉ፣ «ምን ምን ያስፈልገዋል? አንድ በአንድ።» አጎቴ እየቆጠሩ ልጁ ጻፈ፦ ባለ 5 ብሎን የፊት ዲስክ ፍሬን፣ ባለ ሁለት ክፍል ዋና ፖምፓ፣ ከባለ 8 ሲሊንደር የወጣ ዲፍረንሻል ከነታምቡሩ፣ አዲስ ቧንቧና ቱቦ በሙሉ። ሒሳቡ ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ መጣ። እትዬ መደርደሪያው ላይ ያለውን ያልተከፈተ የካርቡራተር ሳጥን አዩት። ከጎኑ የሚያብረቀርቁ አራት አዲስ ቸርኬዎች አሉ። ባለ 4 ብሎን!

«እነዚህ ለአዲሱ ይሆናሉ?»

«አይሆኑም።»

«እንግዲያው ይሸጡ።»

ቅዳሜ

በክሩዙ ቀን ማስታንጓ ጋራዥ ውስጥ በብረት ድጋፍ ላይ፣ ጎማ የሌላት ሆና ዋለች። እኛ አራታችን ግን ታጣፊ ወንበርና ፔርሙዝ ይዘን ዉድዋርድ ዳር ሣሩ ላይ ተቀመጥን። የቡሄ ሰሞን ነው፤ አገር ቤት ጅራፍ ይጮኻል፣ እዚህ ማርሚታ። ከየአቅጣጫው ጂቲኦ፣ ካማሮ፣ ቻርጀር፣ ሮድ ራነር እየተንቀራፈፉ ያልፋሉ። በጣም ብዙ ስለሆኑ መሮጥ የሚባል ነገር የለም፤ ያ ሁሉ የፈረስ ጉልበት በሰው እርምጃ ይሄዳል። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ አጠገባችን አቁመው ኮፈናቸውን ከፈቱ። አጎቴ ተነስተው ሄዱ። ሞተሩን ያዩ መስሎኝ ነበር፤ ጎንበስ ብለው ፖምፓውን ነው ያዩት። «ባለ ሁለት ነው» አሉን ሲመለሱ። እትዬ ቡና ቀዱላቸው።

እንግዲህ ምክር ከተባለ፣ እቤታችሁ አሮጌ ቮልስም ሆነ ላዳ ወይም ሌላ የምትሠሩ ሁሉ ስሙኝ። ጉልበት ከመጨመራችሁ በፊት መቆሚያውን ሥሩ። መኪና ሥር ስትገቡ በክሪክ ብቻ አትመኑ፤ ጠንካራ መደገፊያ አድርጉ። በር ዘግታችሁ ሞተር አታስነሱ፤ ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ አለው። የድሮ የፍሬን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል ብናኙን በአፍም በመጭመቂያም አትንፉት። ባለትዳሮች ደግሞ፦ «ይደርሳል» የምትሉት ነገር ካለ ዛሬ ማታ ተቀምጣችሁ በወረቀት ጻፉት። እኔ ገና አላገባሁም፣ የማውቀው ያየሁትን ነው።

ከተመለስኩ ከሦስት ወር በኋላ አጎቴ ደወሉ። ፔዳሉ ድንጋይ ሆኗል አሉኝ፤ እትዬም ለመጀመሪያ ጊዜ ገብተው እስከ መብራቱ ድረስ ሄደዋል። «ምን አሉ?» ብላቸው «‹አሁን ደግሞ ቁምልኝ› አለችኝ፤ ቆምኩላት፤ ‹እንደገና› አለችኝ» ብለው ሳቁ።

ልጁ ደግሞ ፎቶ ላከልኝ። ግድግዳው ላይ አዲስ ፌስታል ተንጠልጥሏል፤ ውስጡ የፈነዳው ቱቦ ነው። ላዩ ላይ በጠማማ የእጅ ጽሑፍ «አሮጌ ፍረን። አይጣል» ይላል። «ፍሬን» መሆን ነበረበት። አላረምኩትም።

ቸር ያሰንብተን።